ስልክ ላይ የሚነበብ ተረት ለልጆቻችን ይበጃል? የሰሜን ሸዋ ወላጆች እንወያይ

የጠባሴዋ እናት (ደብረ ብርሃን)

እንደምን ሰነበታችሁ የመድረኩ ቤተሰቦች። አንድ ጉዳይ ላማክራችሁ።

የስድስት ዓመት ወንድና የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። የደብረ ብርሃንን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ልጅን ደጅ አውጥቶ ማጫወት የሚታሰብ አይደለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጭቃው ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ልጆች ቤት ይውላሉ። ቤት ከዋሉ ደግሞ ዓይናቸው ስልክ ላይ ነው። የኔ ቤት ችግር ብቻ እንዳልሆነ ጎረቤት ስገባ አያለሁ።

ስልኩን ጨርሶ መከልከል አይሆንልኝም። ሥራዬም በስልክ ነው። አባታቸው ለሥራ ርቆ ስለሚኖር የሚያዩት በስልክ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ይከልከል ወይስ ይፈቀድ የሚል አይደለም። የተፈቀደው ሰዓት ምን ይሠራበት ነው የምለው።

ሰሞኑን በአማርኛ የተዘጋጁ ባለ ሥዕል የተረት መጻሕፍት ስልኬ ላይ ጫንኩ። ልዩነቱ በጣም ገረመኝ። ልጄ ቪዲዮ ሲያይ አፉን ከፍቶ ዝም ይላል። ስሙን ብጠራው አይሰማም። አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይቀጥላል። የሚቆመው እኔ ስነጥቀው ነው፣ ከዚያ ለቅሶው ነው። ተረት ስናነብ ግን ጣቱን ሥዕሉ ላይ አድርጎ «ይሄ ለምን ተደበቀ?» ይለኛል። ገጹን ራሱ ይገልጣል። ታናሽየዋ የዶሮዋን ድምፅ ታወጣለች። መጨረሻው ገጽ ላይ ስንደርስ ያልቃል። አለቀ ካልኩ አለቀ ነው፣ ጠብ የለም። «ድገሚው» ካሉኝ እደግምላቸዋለሁ።

እኔ የማምነው ይህን ነው፤ ለልጅ መጨረሻ ያለው ነገር መስጠትና አጠገቡ መቀመጥ ስልኩን ሌላ ዕቃ ያደርገዋል። ግን ብቻዬን ማወቅ ያልቻልኳቸው ነገሮች አሉ። ደህና ደህናውን የአማርኛ መጽሐፍ ከየት ታገኛላችሁ? ያለ ዳታ እንዴት ይከፈታል? በቀን ምን ያህል ይበቃል? ድምፅ ያለው ይሻላል ወይስ እኔው ላንብብላቸው?


መምህር ዘመንዝ (መሐል ሜዳ)

እህቴ፣ በጥሩ ሰዓት ነው ያነሳሽው። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ይህ ጉዳይ ዕለት ዕለት የማየው ነው።

በ2010 እ.ኤ.አ. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰው ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እኔ በቅርብ የማውቀው ግን የሚነበብ ነገር ማጣት ነው። ልጁ የመማሪያ መጽሐፉን ይይዛል፣ ከዚያ ውጭ ቤት ውስጥ ፊደል የሚያይበት ነገር የለም። የመማሪያ መጽሐፉን ደግሞ ከልምድ ብዛት በቃሉ ይዞታል። ገጹን ሸፍነህ ብትጠይቀው ይወጣዋል፣ ሌላ ጽሑፍ ላይ ያው ቃል ሲገጥመው ግን ይቆማል። ልጅ ንባብ የሚለምደው አዲስ አዲስ ጽሑፍ እያየ ነው። የታተመ የልጆች መጽሐፍ እዚህ መሐል ሜዳ ድረስ መጥቶ አይሸጥልንም። ስልኩ ግን ደርሶናል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ስቶሪዊቨር የሚባል የልጆች መጻሕፍት ድረ ገጽ አለ። ፕራታም ቡክስ የሚባል የሕንድ ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. የከፈተው ነው፤ የአማርኛም ክፍል አለው። አፍሪካን ስቶሪቡክ መሠረቱ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ታሪኮቹ የአፍሪካ መንደሮች ስለሆኑ ለልጆቻችን ቅርብ ናቸው። ዶሮ፣ ፍየል፣ ውኃ መቅዳት፣ አያት ቤት መሄድ፤ ይህን የማያውቅ የመንዝ ልጅ የለም። ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪም አለ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የተመረቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነበር። ብሉም የሚባለውም የአማርኛ መጻሕፍት አሉት። ሁሉም በነፃ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ስቶሪዊቨር ላይ መጻሕፍቱ ከደረጃ 1 እስከ 4 ተከፋፍለዋል። ደረጃ 1 ከ250 ቃል በታች ነው፣ ደረጃ 2 እስከ 600 ይሄዳል። ይህ ቁጥር ለአማርኛ ብዙ አይረዳም። በኛ ቋንቋ አንድ ግስ ብቻውን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሸከማል። ቃሉ ጥቂት ሆኖ እያንዳንዱ ቃል ግን ስምንት ዘጠኝ ፊደል ሊሆን ይችላል። ፊደል ገና የቆጠረ ልጅ እዚያ ላይ ይደክማል። ስለዚህ ራሱ እንዲያነበው ከፈለግሽ የደረጃውን ቁጥር ትተሽ የቃሉን ርዝመት እዪ። አጫጭር ቃል፣ በየገጹ የሚደጋገም ሐረግ፣ ጽሑፉን የሚያግዝ ሥዕል ያለውን ምረጪ። አንቺ የምታነቢለት ከሆነ ግን ረጅሙም ይሁን፣ ግድ የለም። ጆሮው ከዓይኑ ቀድሞ ይሄዳል።


የቀወት አባት (ሸዋ ሮቢት)

ከሁላችሁም በአክብሮት እለያለሁ። የሦስት ልጆች አባት ነኝ።

ተረት የሚነገረው በሰው አፍ ነው። እኛ ያደግነው እራት በልተን አያታችንን ከበን ነው። «ተረት ተረት» ስትለን «የላም በረት» ብለን እየመለስን። ብርሃን አልነበረም፣ ሥዕል አልነበረም። ጅቡን በየራሳችን ልብ ነው የሣልነው። አሁን ጅቡ ተሥሎ ከቀረበለት ልጁ ምኑን ያስበዋል?

ደግሞ ስልክ ስልክ ነው። መጽሐፉ እስኪያልቅ ማን ይጠብቃል? ልጁ በአንድ ጣት ወጥቶ ቲክቶክ ውስጥ ይገኛል። የኔ ትልቁ ልጅ የይለፍ ቁጥሬን ከኔ በላይ ያውቃል። ትምህርት ነው ብለን ከፍተንላቸው መጨረሻው ሌላ እንዳይሆን እሰጋለሁ። የምናገረው ለክርክር አይደለም፣ ስለሚያሳስበኝ ነው።


የጠባሴዋ እናት (ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ የሚሉት ይገባኛል። አያት ያለችበት ቤት ውስጥ ተረት ነጋሪ አይጠፋም። እኛ ቤት ግን አያት የለችም። የኔ እናት ሞላሌ ነው ያለችው፣ የባሌ እናት አርፈዋል። እዚህ ተከራይተን ነው የምንኖረው። እኔ ደግሞ የማውቀው ተረት ትንሽ ነው፤ ሁለቱ ሦስቱ አለቁብኝ። መጽሐፉ የሚያግዘኝ እዚያ ላይ ነው። አያትን ይተካል አላልኩም፣ የሌለችበትን ቤት ይደግፋል ነው።

ደግሞ እኛ ራሳችን አባባ ተስፋዬን በስክሪን አይደል የሰማናቸው? ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት በር ላይ ተኮልኩለን። ለአርባ ዓመት ገደማ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ነው ያረፉት። መስኮቱ ቴሌቪዥን ስለነበረ ተረታቸው አልቀነሰም። ለልጅ በልጅ ቋንቋ ቀስ ብለው ይናገሩ ነበር፣ ሲጨርሱም ይሰናበቱን ነበር።


ሲስተር (ደብረ ሲና)

ነርስ ነኝ። የሰዓቱን ጉዳይ እኔ ልመልስ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. መመሪያ አውጥቷል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመከርም። ለአንድ ዓመት ልጅም እንዲሁ። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ነው የሚለው። ያው መመሪያ ልጁ ቁጭ በሚልበት ሰዓት አሳዳጊው መጽሐፍ ቢያነብለትና ተረት ቢነግረው ጥሩ ነው ይላል። ስለዚህ የሦስት ዓመቷ ልጅሽ ልኬቷ እዚህ ውስጥ ነው። አንድ ሰዓቱ ደግሞ መሙላት ያለበት ኮታ አይደለም፣ ጣሪያ ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በ2016 እ.ኤ.አ. ተቀራራቢ ምክር ሰጥቷል። ከ18 ወር በታች በቪዲዮ ከቤተሰብ ጋር ከመነጋገር በቀር ስክሪን ይቅር ብሏል። ይህን የጠቀስኩት ለአንቺ ነው። አባታቸው ሲደውል በስልክ የሚያዩት ከዚህ ከምንፈራው ነገር ጋር አንድ ላይ አይቆጠርም። እሱ ሲያናግራቸው ይመልሳሉ፣ ይስቃሉ። በዚያ አትጨነቂ። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ላለው ልጅም የተመረጠ ነገር፣ በቀን እስከ አንድ ሰዓት፣ ወላጅ አብሮ እያየ ይሁን ነው ምክሩ።

ከኔ የምጨምረው የመኝታውን ነገር ነው። ከመተኛታቸው በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት ስልኩ ይነሣ። ብርሃኑ እንቅልፍ ያባርራል። ብዙ እናቶች ተረትን ከእንቅልፍ ጋር ያያይዙታልና አልጋ ላይ ስልክ ይሰጣሉ። የስልኩን ተረት ከእራት በፊት አድርጉት። አልጋ ላይ መብራት አጥፍታችሁ በቃል ንገሯቸው። የቀኑን ተረት ደግማችሁ ብትነግሯቸው ራሳቸው ያርሟችኋል፣ የተረሳውን ይጨምሩላችኋል።


ስልክ ጠጋኙ (ደብረ ብርሃን)

የጋሼ የሸዋ ሮቢቱ ሥጋት ልክ ነው፤ መፍትሔ ግን አለው። ሱቄ የሚመጣ ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ መጽሐፉን አውርዱት፣ ኦንላይን አታንብቡ። የጠቀሳችኋቸው ቦታዎች ላይ አብዛኛው በፒዲኤፍ ይወርዳል። አፍሪካን ስቶሪቡክ ደግሞ ራሱን የቻለ ማንበቢያ አፕ አለው፤ መጽሐፉን አንዴ ካወረዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ይከፍተዋል። ዳታ ርካሽ በሆነበት ሌሊት ወይም ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆናችሁ በአንድ ጊዜ ሰብስቡ። በክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት ቀድሞ ያወረደ ሰው ነው የተጠቀመው። ለጎረቤት ደግሞ በብሉቱዝ ወይም በሼርኢት ማሻገር ይቻላል፣ ሳንቲም አይወጣበትም።

ሁለተኛ፣ ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ማስታወቂያ የለም፣ ስልክ አይጮኽም፣ ከቴሌግራም ብቅ የሚል መልእክት የለም። ተረት መሐል ላይ ስልክ ሲጮኽ የልጁ ሐሳብ እዚያው ይበተናል።

ሦስተኛው ጋሼን የሚያሳርፍ ነው። አንድሮይድ ላይ አፕን መሰካት የሚባል ነገር አለ። ሴቲንግ ውስጥ ሴኪዩሪቲ የሚለው ስር ታገኙታላችሁ፤ አንዳንድ ስልክ ላይ ስሙና ቦታው ይለያያል። ስታበሩት «ከመውጣት በፊት ፒን ይጠይቅ» የሚለውንም አብሩ። ከዚያ መጽሐፉን ከፍታችሁ ትሰኩታላችሁ። ልጁ ቢነካካም ቁጥሩን ካላወቀ ከዚያ አፕ አይወጣም። ጋሼ፣ እርስዎ ግን መጀመሪያ የይለፍ ቁጥሩን ይቀይሩ። ልጁ ከጀርባ ሆኖ እንዳያይ።

በቁልፍ ብቻ ግን አትመኑ። በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ የውጭ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ አስተማሪ ለሌላቸው ልጆች ታብሌት ሰጥቶ ነበር። ማንም ሳያሳያቸው ከፍተው መጠቀም ጀመሩ። ወራት ቆይተው የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት ተብሎ በዓለም ተወራ። የእኛ ልጆች ብልሆች ናቸው። ቁልፉ ጊዜ ይሰጣችኋል፣ አጠገባቸው መቀመጡን ግን አያስቀርም።

ሌላው፣ ፊደሉ ተበላሽቶ ሳጥን ሳጥን የሚታይ ፒዲኤፍ ካጋጠማችሁ ስልኩ አይደለም ችግሩ። ፋይሉ ሲዘጋጅ ፎንቱ አብሮ አልገባም ወይም በድሮ ፎንት ተሠርቷል። ተዉትና ሌላ አውርዱ። በተቆራረጠ ፊደል ልጅ ንባብ አይለምድም።


የጠባሴዋ እናት (ደብረ ብርሃን)

ተባረክ ወንድሜ፣ ስሰካው ሠራልኝ።

የድምፁን ጥያቄ ማንም አልመለሰልኝም። አንዳንዱ መጽሐፍ ሲነኩት ወፏ ትበራለች፣ ዛፉ ይወዛወዛል፣ ፊኛ ይፈነዳል። ልጆቹ እሱን ይወዱታል። ግን ታሪኩን ብጠይቃቸው አያውቁትም።


መምህር ዘመንዝ (መሐል ሜዳ)

ያስተዋልሽው ነገር ጥናትም ያረጋገጠው ነው።

በ2015 እ.ኤ.አ. ታካች የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ በዲጂታል የልጆች መጽሐፍ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው መርምረው ነበር። ያገኙት ይህን ነው። ሥዕሉ የሚንቀሳቀሰው ከታሪኩ ጋር ሲሄድ፣ ድምፁም ከሚነበበው ጋር ሲገጥም ልጁን ይረዳዋል። ጨዋታና የሚነካካ ነገር ሲበዛበት ግን ታሪኩ ይጠፋዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላ ምርመራ ወጣ። 39 ጥናቶችን ነው ያየው፤ ልጆቹ ከአንድ እስከ ስምንት ዓመት ናቸው። የወረቀቱ መጽሐፍና የስክሪኑ በይዘት አንድ ዓይነት ሲሆኑ ወረቀቱ በልጧል። የስክሪኑ መጽሐፍ ታሪኩን የሚያግዝ ነገር ሲጨመርበት ግን ስክሪኑ የበለጠበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ወረቀት ካገኘሽ ወረቀት። ካላገኘሽ እንቅስቃሴው ታሪኩን የሚነግር ይሁን። ዝሆኑ ሲሸሽ የሚሸሽ ዝሆን ያግዛል። ተረቱ ውስጥ የሌለች ቢራቢሮ ግን ልጁን ይዛው ትሄዳለች።

የሚያነብ ድምፅን በተመለከተ ሰው ያነበበው ጥሩ ነው። የኮምፒውተር ድምፅ በአማርኛ ገና ነው። ማጥበቅና ማላላቱ በጽሑፋችን ስለማይታይ ይሳሳታል፣ ልጁም ስህተቱን ይይዛል። ድምፅ ያለው መጽሐፍ የሚነበበውን ቃል እያቀለመ የሚሄድ ከሆነ ግን ለጀማሪ ልጅ እሰየው ነው። የቄስ ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች እናውቀዋለን። የኔታ ፊደሉን በስንደዶ እየነኩ ነው ያስቆጠሩን። ዓይን የት እንዳለ ጆሮ ማወቅ አለበት። አንቺም ስታነቢ ጣትሽን ከቃሉ ሥር አስኪጂ።

ዋናው ግን ወሬው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 37 ወላጆችን ከሕፃናት ልጆቻቸው ጋር አስቀምጠው ወረቀትና ታብሌት ላይ ሲያነቡ ተመልክተው ነበር። ታብሌቱ ላይ ወላጆቹም ልጆቹም ያወሩት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ስልክ ስንይዝ አፋችን ይዘጋል ማለት ነው። ስለዚህ ሆን ብለሽ አውሪ። ገጹን ከመግለጥሽ በፊት «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» በዪ። የመለሰልሽን አስፊለት። «ሸሸ» ካለሽ «አዎ፣ ፈርቶ ወደ ጫካ ሸሸ» ብለሽ መልሺለት። ከዚያ እሱ ይድገመው። ክፍል ውስጥ ይህን ሳደርግ ዝምተኛ የነበሩት ልጆች መናገር ይጀምራሉ።


አንኮበሬዋ (አዲስ አበባ)

እኔ አንኮበር ተወልጄ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቹ መጻሕፍት ከሌላ ቋንቋ የተተረጎሙ ናቸው። አንዳንዱ አማርኛ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ልጅ የሰማውን ነው የሚናገረው፣ በዚያ ቋንቋ እንዲያድግ አልፈልግም። ስለዚህ ከማንበቤ በፊት ብቻዬን አየዋለሁ። ያልጣመኝን ዓረፍተ ነገር ስናገር በራሴ አፍ አስተካክለዋለሁ። ልጄ ራሷ ማንበብ ስትጀምር ግን ይህ አይሠራም፤ የተጻፈውን ታያለች። ያኔ የተሻለውን መርጦ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

እነ ስቶሪዊቨር ላይ መጻሕፍቱ የተቀመጡት በክፍት ፈቃድ ስለሆነ የደራሲውንና የሠዓሊውን ስም ጠቅሶ ትርጉም አሻሽሎ መልሶ መጫን ይቻላል። አማርኛችሁ የሰላ ሰዎች እዚህ መድረክ ላይ ሞልታችኋል። በየሳምንቱ አንድ አንድ ብናርም ምን አለበት?


የቀወት አባት (ሸዋ ሮቢት)

አነበብኩት ሁሉንም። የመምህሩ ነገር አሳመነኝ፤ በተለይ ወሬው ዋና ነው ያሉት።

ታዲያ የኔ ጥያቄ ይህ ነው። የኛ ተረትስ የት አለ? ዝሆኑም አንበሳውም ይሁን። ግን ጭላዳ ያለበት ተረት አለ? የመንዝ በግ፣ በርኖስ የለበሰ እረኛ፣ ጓሳ ሣር የሚታጨድበት ቀን? እናቴ 80 አልፏታል። የምታውቀው ተረት ከሷ ጋር ሊሄድ ነው። ስልክ ለዚህ ከሆነ እኔም አለሁበት።


መምህር ዘመንዝ (መሐል ሜዳ)

ጋሼ፣ ይህን ከእርስዎ መስማቴ ደስ አሰኝቶኛል። ይቻላል፣ ያውም በቀላሉ።

ቅድም የጠቀስኩት ብሉም መጽሐፍ መሥሪያ ፕሮግራምም አለው፤ የተሠራው ለዚሁ ነው። ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ በነፃ ነው። በየገጹ ሥዕል ታስገባለህ፣ ከሥሩ ትጽፋለህ፣ ድምፅም ትቀዳበታለህ። ሲጠናቀቅ ስልክ ላይ የሚናገር መጽሐፍ ይሆናል። የእናትዎ ድምፅ ራሱ ተረቱን ያነባል ማለት ነው።

መጀመሪያ ግን እናትዎን በስልክዎ ድምፅ መቅጃ ይቅዷቸው። ልጆቹን አጠገባቸው ያስቀምጡ፣ ለስልክ ብቻ ንገሪ ቢሏቸው አይመጣላቸውም። አድማጭ ሲኖር ነው ተረት የሚሞቀው። «የላም በረት» የሚለው የልጆቹ መልስም ይቀዳ፣ አይቁረጡት። ዶሮ ቢጮኽም ይጩኽ። ከዚያ ተረቱን ወደ አሥር አሥራ ሁለት ገጽ ይከፋፍሉት፤ በየገጹ አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ሥዕሉን ልጆቹ ይሣሉት። በእርሳስ የሣሉትን ፎቶ አንሥቶ ማስገባት ይቻላል።

ሥዕል ቢሣል ልጁ ምኑን ያስባል ብለው ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ሲሥሉት ጅቡ የየራሳቸው ይሆናል።


ወላጅ ከገጠር (ጌሼ ራቤል)

የኛ ቤት ስልክ አንድ ነው። ባለቤቴ ይዞት ይወጣል፣ ማታ ነው የሚመለሰው። መብራትም የለንም፣ በሶላር ነው የምንሞላው። ይህ ሁሉ ለከተማ ሰው ነው እንዴ?


መምህር ዘመንዝ (መሐል ሜዳ)

አይደለም እህቴ። የኔም ተማሪዎች አብዛኞቹ እንዳንቺ ቤት ናቸው። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ።

ፒዲኤፉን በጥቁርና ነጭ አሳትመዋለሁ። አንድ አጭር መጽሐፍ ጥቂት ወረቀት ነው የሚፈጀው፤ ሁለት ገጽ በአንድ ወረቀት ፊት ካደረግነው ደግሞ ይቀንሳል። ለአንባቢ ጥራዝ አድርጌ በተራ ወደ ቤት እሰጣቸዋለሁ። ክፍል ውስጥ ደግሞ በስልኬ አነብላቸውና መጽሐፉን ዘግቼ ልጆቹ ተነሥተው እንዲተውኑት አደርጋለሁ። አንዱ በግ፣ አንዱ ቀበሮ። ስልኩ አንድ ቢሆንም ተረቱ ለሁሉም ይዳረሳል። ልጅሽ የምትማርበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋን ጠይቂልኝ፣ ፋይሎቹን እልካለሁ።

ባለቤትሽም ማታ ሲመለስ ቻርጁ ካላለቀ አንድ ተረት ይበቃል። አንድ መጽሐፍ ማንበብ ብዙ ደቂቃ አይወስድም፣ ባትሪም እንደ ቪዲዮ አይበላም። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጉት።


ሲስተር (ደብረ ሲና)

ክትባት ቀን ጤና ጣቢያ ወረፋ የሚጠብቁ እናቶች ብዙ ናቸው። የታተመውን ጥራዝ እዚያም ብናስቀምጥ ልጆቹ ይጠቀሙበት ነበር። መምህር፣ ለኔም ይላኩልኝ። ወረቀቱን እኔ እችላለሁ።


የቀወት አባት (ሸዋ ሮቢት)

እናቴን ትናንት ማታ ቀዳኋት። ልጆቹ አልተኛም ብለው አስቸገሩኝ፣ ሦስት ተረት አስነገሯት። የመጀመሪያው የጦጣና የቀበሮ ነው። መምህር፣ ድምፁ አለ፣ ኮምፒውተር ግን የለኝም። ማን ይረዳኛል?


ስልክ ጠጋኙ (ደብረ ብርሃን)

ጋሼ፣ በቴሌግራም ይላኩልኝ። ኮምፒውተሩ ሱቅ አለ፣ እሁድ ከሰዓት ሥራ የለም። ቆርጬ ገጽ በገጽ አስቀምጠዋለሁ። የልጆቹን ሥዕል በጥሩ ብርሃን፣ ከላይ ቀጥ አድርገው ያንሡት። በመብራት ሥር ካነሡት ጥላ ይገባበታል፤ ጠዋት መስኮት አጠገብ ይሁን።


መምህር ዘመንዝ (መሐል ሜዳ)

ጽሑፉን እኔ አያለሁ። ጋሼ፣ እናትዎን ፈቃዳቸውን ይጠይቁልኝ፤ ተረቱ ለሌሎች ልጆችም እንዲሰጥ ይፈልጉ እንደሆነ። ከፈቀዱ መጽሐፉ ላይ ተራኪ በሚለው ቦታ የሳቸው ስም ይግባ። የልጆቹም ስም ሥዕል ያዘጋጀ በሚለው ሥር ይግባ።


የጠባሴዋ እናት (ደብረ ብርሃን)

እኔም እናቴን ሞላሌ ሄጄ እቀዳታለሁ። መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ እንሄዳለን። እስከዚያ ያወረድኳቸውን የአማርኛ መጻሕፍት ለማካፈል ሚሞሪ ካርድ ላይ ልጫን ነው። ስንት ጊጋ ይበቃኛል?


ስልክ ጠጋኙ (ደብረ ብርሃን)

8 ጊጋ ከበቂ በላይ ነው። አንድ የሥዕል መጽሐፍ ጥቂት ሜጋባይት ነው የሚይዘው። በዕድሜ በዕድሜ ለይተሽ ፎልደር አድርጊላቸው፣ ስሙን በአማርኛ ጻፊው። የድምፅ ቅጂዎቹ ሲመጡ በሌላ ፎልደር እናስገባቸዋለን። ካርዱን ስታመጪ ባዶ ይሁን፣ ፎርማት አድርጌ እመልስልሻለሁ።